ፒያኖዬ በቃሬዛ የሄደ ዕለት

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በግቢዬ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው። የእድራችን ሊቀ መንበር ኦቦ ደበላ ከዘራቸውን ይዘው የግቢው በር መሃል ላይ ቆመዋል፤ በር መሃል መቆም ይወዳሉ። ከእድሩ አባላት ስምንት ጎልማሶች በረንዳው ላይ ናቸው፣ አራቱ ከደረጃው በስተቀኝ፣ አራቱ በስተግራ። የእህቴ ልጅ ትርሲት ሳሎን ውስጥ ለፒያኖው ጀርባዋን ሰጥታ ሁለት እጇን ዘርግታለች፤ የሚያያት ሰው ፒያኖው ሊታሰር ነው ይላል። ከእሷ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣው የሳክስፎን ተጫዋች ለሊሳ ሻንጣውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ቆሟል። እኔ ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳው ጋ ነኝ።

ሰውን ከነቆመበት ቦታ ሳልመዘግብ ነገር መጀመር አይሆንልኝም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው። እዚያ «ሰዎች ነበሩ» ብሎ ማለፍ የለም። ማን፣ የት ቆሞ፣ ወደየት ዞሮ ይባላል። እኔ ጡረታ ወጣሁ፣ ልማዱ ግን ሥራውን አልለቀቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትርሲት በአዲስ አበባ ፒያኖ ትጫወታለች። ከለሊሳ ጋር ሆነው ጃዝ የሚባለውን ለሁለት ይጫወታሉ፤ ዘፋኝ የለም፣ ከበሮ የለም፣ ሁለቱ ብቻ። በዚያ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚህ አምቦ፣ የከተማው አዳራሽ ውስጥ ሊጫወቱ ነበር። አዳራሹ ወንበር አለው፣ መጋረጃ አለው፣ መጋረጃውን የሚስብ ገመድ ሳይቀር አለው፤ ፒያኖ ግን የለውም። እኔ በማውቀው ከተማው ውስጥ ያለው ፒያኖ አንድ ነው፤ እሱም የእኔ ነው።

የእኔ ነው ስል የባለቤቴ ነበር ማለቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄደው ነው። ባለቤቴ የሒሳብ አስተማሪ እንጂ ሙዚቀኛ አልነበረም፤ የሰጡትን ነገር እምቢ ማለት ግን አያውቅም። በዚህ ምክንያት ቤታችን ውስጥ አንድ ፒያኖ፣ ሁለት የቆሙ የግድግዳ ሰዓቶችና አንድ የጀልባ መቅዘፊያ አለ። ወንጪ ሐይቅ ድረስ ካልሄዱ በቀር መቅዘፊያ ለምንም እንደማይሆን እሱም ያውቅ ነበር። ፒያኖው ላይ ለዓመታት ቴሌቪዥን ተቀምጦበት ኖረ። ትርሲት ግን ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ቴሌቪዥኑን ወደ ጎን እየገፋች ታንኳኳው ነበር። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ፒያኖው ብቻውን ቀረ፣ እሷም ተማረችበት።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ወንበር ላይ ተቀምጬ ትርሲት በሰው ፊት ስትጫወት መስማት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰምቻት አላውቅም። አዲስ አበባ ስትጫወት አንድ ጊዜ ጉልበቴ፣ ሁለት ጊዜ መንገዱ አስቀርቶኛል። በስልክ ትልክልኛለች፤ ሙዚቃን በስልክ መስማት ግን ወጥን አሽትቶ እንደመጥገብ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ትርሲትም አልጠየቀችኝም፤ እንደምመጣ ታውቃለች።

ስለ ጃዝ የተጠየቅኩት በሰፈራችን ባለሱቅ በሸምሱ ነው። ማስታወቂያውን በሱቁ በር ላይ ከለጠፈልን በኋላ ራቅ ብሎ አየውና፣

«እትዬ፣ ጃዝ ምንድን ነው?» አለኝ።

ትርሲት እንደነገረችኝ ነገርኩት። «ሁለት ሰዎች በመሣሪያ የሚነጋገሩበት ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ያቋርጠዋል፣ መልሶ እሱም ይቋረጣል።»

ሸምሱ አሰበ። «ማነው የሚያስታርቃቸው?»

ይህን ትርሲትን ሳልጠይቃት ቀርቻለሁ።

ፒያኖውን የሚወስደው አይሱዙ ከአዲስ አበባ በኩል እየመጣ ጊንጪ ላይ ቆመ። ሾፌሩ በስልክ «ደርሻለሁ» አለ። ሲቆይ ደግሞ «ደርሼ የለም እንዴ?» አለ፣ እኛኑ እንደሚጠይቅ ሰው። ቢደርስም የእኛ ሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው ተብሎ ተቆፍሮ፣ ቆፋሪዎቹም ቆፍረው ሄደዋል፤ ከፍየልና ከጎረቤት በቀር የሚገባ የለም። ፒያኖው እስከ አስፋልቱ በሰው መሄድ ነበረበት። ትርሲት እስከ ስድስት ሰዓት አዳራሽ ካልደረሰ አይሆንም አለች፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክሮቹ ይላላሉ፣ እነሱን መልሶ ለመቃኘት ከሁለት ሰዓት በላይ ያስፈልጋታል።

ኦቦ ደበላ ነገሩን ሰምተው ስምንቱን ጎልማሶች ይዘው መጡ። ፒያኖውን ከግራና ከቀኝ አዩት፣ በከዘራቸው ነካ አደረጉት።

«ይሄ በእጅ አይነሳም፣ አዴ ጸሐፊ» አሉኝ። የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ከስሜ ይልቅ በሥራዬ ይጠሩኛል። «ቃሬዛ ይፈልጋል።»

«ቃሬዛ ከየት ይመጣል?»

«እድሩ ቃሬዛ የለውም?»

«ሕጉስ?» አልኳቸው።

«የቱ ሕግ?»

«የእድሩ ንብረት ከሐዘን ውጭ ለምንም ጉዳይ አይወጣም የሚለው።»

«ማነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ማነው የፈረመው?»

«እርስዎ።»

«እንግዲህ ሁለታችን ዝም ካልን ማን ይሰማል?» አሉ።

ዝም አልን። የዚያን ቀን መዘዝ ሁሉ የተወለደው ከዚህ ዝምታ ነው። በመዝገብ ቤት ሳለሁ ስንት ሰው በመናገሩ ሲፈረድበት አይቻለሁ፤ ዝም በማለት የሚመጣውን ግን ማንም አልመዘገበውም ነበር።

ቃሬዛው መጣ። ፒያኖው ላዩ ላይ ወጣ፣ በገመድ ታሰረ። ይህን ሁለት መስመር ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ለመሥራት አንድ ሰዓት ፈጅቷል፣ አንድ የበር መቃንም ተነቅሏል። ልንወጣ ስንል ማካፋት ጀመረ። ትርሲት «እንጨቱ ውሃ ከጠጣ አለቀልኝ!» ብላ ጮኸች። ኦቦ ደበላም ቃሬዛው ካለ ልብሱም አብሮት አለ ብለው የእድሩን ጥቁር የከፋይ ጨርቅ አስመጡና አለበሱት። ዳርና ዳሩን እየጎተቱ ሲያስተካክሉለት እጃቸው የለመደ ነው።

እኔ ደግሞ ለዕለቱ ያሰፋሁትን ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሻለሁ። መንገዱ ጭቃ ነው። ነጠላዬ አዲስ ስለሆነ ጥለቱ ጭቃ እንዳይነካው ብዬ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቴ አዞርኩት። ሴት አንባቢዎቼ እዚህ ላይ ምን እንደሠራሁ ገብቷቸዋል። እኔ ግን በሰባ ሁለት ዓመቴ አልገባኝም። ጥለት ወደ ላይ ያደረገች ሴት ለሐዘን እንደምትለብስ ከተማው በሙሉ ያውቃል።

በዚህ ሁኔታ ወጣን። ኦቦ ደበላ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት፣ ስምንቱ ሰዎች በጥቁር ከፋይ የተሸፈነ ነገር በቃሬዛ ተሸክመው፣ እኔ ጥለቴን ወደ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፍቼ፤ አንገቴን የደፋሁት ጉድጓዱን ለማየት ነው። ትርሲት ከጎኔ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ የኋላ ግራው ተሸካሚ ሁለት ጊዜ አዳልጦታል። ለሊሳ ከኋላ። ከውጭ ምን እንደምንመስል ያሰበ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

የመጀመሪያዋ ሰው ጎመን የያዘች ጎረቤቴ ናት። ስታየን ጎመኑን አጥር ላይ አስቀመጠች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። በጣም ጨዋ ሴት ናት ብዬ እኔም ጎንበስ አልኩ።

ቀጥሎ የሸምሱ ሱቅ ነው። ሸምሱ የሱቁን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አውርዶ በግማሹ ሥር አጎንብሶ ወጣ፣ ኮፍያውን አስተካከለ፣ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ፣ አላህ ያጽናዎት።»

«አሜን» አልኩ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰው ሲመርቅ ምን ይባላል? መጀመሪያ አሜን ይባላል፣ ማብራሪያ ከዚያ በኋላ ነው። አሜን ብዬ ለማብራሪያው አፌን ስከፍት ሸምሱ ቀጠለ፣

«ያ የሙዚቃ ፕሮግራምም ቀረ ማለት ነው። ማስታወቂያውን ላንሳው?»

«አይነሳም» አልኩ ደንግጬ። «ፕሮግራሙ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ እኔም እሄዳለሁ።»

ሸምሱ ከእኔ ዞር አለ። ከዚያ አጠገቡ ላለው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «ሐዘኑ አናታቸው ላይ ወጥቷል፣ ብቻቸውን እንዳትተዋቸው» አለው። ሰውየው ከዚያ ጀምሮ ክርኔን ይዞኝ ሄደ። እስከ ዛሬ ስሙን አላውቀውም፤ አያያዙ ግን ጠንካራ ነበር።

በእኛ አገር ሬሳ ያጋጠመው ሰው ቢያንስ ጥቂት እርምጃ ይሸኛል። የትም ያለ ደንብ ነው። አምቦ ላይ ግን ጥቂቱ እርምጃ መጨረሻ የለውም፤ አንዱ ሳይመለስ ሌላው አይመለስም። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ኋላዬ ሠላሳ ሰው ነበር። አይሱዙ ግን አልነበረም። ሾፌሩ ስልኩን አያነሳም።

ኦቦ ደበላ አስፋልቱን ወደ ላይ አዩ፣ ወደ ታች አዩ። «እስከ አዳራሹ በዚሁ እንሂድ» አሉ። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ «ኦቦ ደበላ፣ ሰው እየተከተለን ነው። ሰው የሞተ መስሏቸዋል» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩ። ሊቀ መንበር ናቸውና ሕዝብ ከኋላቸው ሲያዩ ወገባቸው ይቃናል። «ምን ልበላቸው? የእድሩን ቃሬዛ ለሙዚቃ አወጣሁት ልበላቸው?» አሉ። «ቀስ በቀስ ይበተናሉ፤ ዝም በይ።»

ትርሲት ሰዓቷን አይታ አዳራሹን ላስከፍት ብላ በባጃጅ ወደፊት ሄደች። እውነቱን ለመናገር የሚደፍር ሰው በመካከላችን ቢኖር እሷ ነበረች፤ ባጃጅ ወሰዳት።

ሰው አልተበተነም። የትራፊክ ፖሊሱ ከሩቅ አይቶን የነቀምቴን አውቶቡስ አቆመ፣ ቆሞም ሰላምታ ሰጠ። አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት በመስኮት «ኤኙቱ ዱኤ?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ ማን ሞተ ማለታቸው ነው። ከሕዝቡ መሃል የማያውቀው ለማያውቀው ይመልሳል። አንዱ ትልቅ ሰው ናቸው አለ፣ ሌላው መምህር ነበሩ አለ። አንድ ጌዶ የምትወርድ ሴትዮ እጇን በመስኮት አውጥታ «ጀባዻ!» አለችኝ፤ በርቺ ማለቷ ነው። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ምን ልበላት? አውቶቡስ ቆሞ ይጠብቃል።

ዋናው ጥፋት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሬሳ ለመሸከም መሻማት ጽድቅ ነው ይባላል። ከሕዝቡ አንዱ ጎበዝ ወደ ቃሬዛው ሮጦ «ተራ ለእኔ!» ብሎ ከፊት ቀኙን ተሸካሚ ተካው። ሌላው ከኋላ ግራ ገባ። የእኛ ሰዎች ትከሻቸው አልቆ ነበርና «አይ ተወኝ» እንኳ አላሉም። ሁለት መቶ እርምጃ ሳንሄድ ስምንቱም ተቀየሩ፤ ፒያኖ መሆኑን የሚያውቁት ሰዎች ሻይ ሊጠጡ ሄዱ፣ ቃሬዛው ሥር የቀሩት ሬሳ መሆኑን የሚያውቁት ናቸው።

አንዱ አዲስ ተሸካሚ ጥቂት እንደሄደ ጥርሱን ነክሶ «ስንት ሰው ነው የሞተው?» ሲል ሰማሁት።

የሁሉቃ ድልድይ ላይ አዴ ጫልቱ አገኘችን። አዴ ጫልቱ ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ከሽንኩርቱ ግን ይበልጥ የምትታወቀው በሙሾዋ ነው። እሷ ያላለቀሰችለት ሰው በደንብ ሞተ አይባልም። እኔን በጥለቴ አየችኝ። ወንድሜ ኪዳኔ ሸነን እንደሚኖር ታውቃለች፤ በጾሙ ጊዜ ጨጓራው ታሞ እንደነበረም እኔው ነግሬያታለሁ። ማንንም አልጠየቀችም። የሽንኩርቱን ዘንቢል ለአንዱ አስይዛ፣ ነጠላዋን አገልድማ፣ «ወይኔ ኪዳኔ!» ብላ ገባች።

የሸነኑ ጌታ፣ የእንግዳ ማረፊያ፣
ለማን ትተኸን ነው ያለ መጠለያ?

ወንድሜ ጥሩ ሰው ነው፤ የእንግዳ ማረፊያ ግን አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ እሱ ቤት የሄድኩ ጊዜ ሻይ የጠጣሁት ጎረቤቱ ቤት ነው። አዴ ጫልቱ ግን አንዴ ከተነሳች በማስረጃ አትያዝም። አንዱን ስንኝ በአማርኛ፣ አንዱን በኦሮምኛ እያደረገች፣ የተሸካሚዎቹን ላብ አየችና ደግሞ ይህን ጨመረች፦

ቀጭን ነህ ስንልህ ከበድክ ለጎበዙ፣
ሥራዎችህ ሁሉ አብረውህ ሲጓዙ።

ሕዝቡ እዬዬ አለ። ክርኔን የያዘኝ ሰውዬም አለቀሰ። በእውነቱ ከሆነ እኔም ስለ ወንድሜ ያላሰብኩትን አሰብኩ፤ መጥቶ ሲሄድ በርበሬ እንኳ አስቋጥሬው አላውቅም።

በዚህ መሃል ለሊሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «እማማ፣ ይሄ የማን ቀብር ነው? ፒያኖው እኮ ከሰው ቀብር ጋር ተቀላቀለ።»

«የማንም አይደለም» አልኩት።

መልሱ አጭር ስለነበረ ልቤ የተሰበረ መሰለው። ራሱን ነቀነቀ፣ ትንሽ አብሮ ሄደ፣ አዴ ጫልቱን አዳመጠ። ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጢጥ ብሎ ሻንጣውን ከፈተ። በሰው ለቅሶ ውስጥ ባዶ እጅን መሄድ ነውር ነው ብሎ እንደሆነ በኋላ ነግሮኛል። ሳክስፎኑን አንገቱ ላይ አጠለቀና ከሙሾዋ ሥር ሥር ይነፋ ጀመር።

አዴ ጫልቱ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥሎ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ እሱም ከፍ አደረገ። ስታቋርጠው ዝም ይላል፣ ትንፋሽ ስትወስድ ይገባል። እሷ «ኪዳኔ» ስትል እሱ ያንኑ በብረቱ መልሶ ይላታል፤ እሷ ደግሞ ይህን ካልክማ ብላ ሌላ ታወጣለች። ሸምሱ ማን ያስታርቃቸዋል ላለው መልሱን ያኔ አገኘሁት። ማስታረቅ አያስፈልግም፤ ጠቡ ነው የሚጥመው።

ሳክስፎኑን የሰማ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። ሙዚቀኛ ያለበት ቀብር የባለሥልጣን ቀብር ነው ተባለ። ሱቆች መዝጊያቸውን አወረዱ። እኔ መቁጠሩን ትቼዋለሁ፤ ኋላችን መጨረሻው አይታይም ነበር።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ደረስን። ግራው ወደ አዳራሹ ነው፣ ቀኙ ዳገቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ። ኦቦ ደበላ በግራ ታጠፉ። አዲሶቹ ተሸካሚዎች ሬሳ ወዴት እንደሚሄድ ይጠፋቸዋል? በቀኝ ታጠፉ። ሕዝቡም በቀኝ። ኦቦ ደበላ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ብቻቸውን ወደ አዳራሹ ሲሄዱ ይታየኛል።

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። ኪዳኔ ነው፣ ወንድሜ፣ ከሸነን።

«እህቴ! ማን ሞተ?» እያለቀሰ ነው።

«ማንም አልሞተም።»

«አትደብቂኝ! ከቤትሽ ሬሳ ወጣ ብለው ደውለውልኛል። ማንን ነው የምትቀብሩት?»

ከፊቴ አዴ ጫልቱ «ወይኔ ኪዳኔ!» አለች።

«ማነው ስሜን የሚጠራው?» አለ ወንድሜ።

«በኋላ እነግርሃለሁ። ቤትህ ተቀመጥ።»

«የምን ቤት? ሚኒባስ ተኮናትረን ወጥተናል እኮ! አሥራ አራት ነን፣ የሰፈሩ እናቶችም አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ...» ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በዕድሜዬ ሙሉ አድርጌው አላውቅም። ክርኔን አስለቀቅሁ፣ ቀሚሴን ሰበሰብኩ፣ በሕዝቡ መሃል ሮጥኩ፤ ከቃሬዛው ፊት ደርሼም «አቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ።

የፊቶቹ አራት ቆሙ። የኋላዎቹ አራት አላዩኝምና አልቆሙም። ቃሬዛው አዘነበለ፣ ከጥቁሩ ከፋይ ሥርም የወፍራሞቹ ክሮች ድምፅ ሁሉ በአንድ ላይ ወጣ፤ ረጅም፣ ከሆድ የመጣ ማቃሰት ነው።

«ነፍስ አለው!» አለ አንድ ሽማግሌ።

ሕዝቡ እንደ ተረገጠ ውሃ ለሁለት ተከፈለ። አማተቡ፣ ሸሹ፣ አንዲት ሴት አጥር ዘለለች። ተሸካሚዎቹ ግን የትም መሸሽ አይችሉም፤ ዓይናቸው ፈጦ እዚያው ናቸው። እኔ የከፋዩን ጫፍ ይዤ ሳብኩት።

«ሰው አይደለም» አልኩ። «ፒያኖ ነው።»

ክዳኑንም አነሳሁት። ጥርሶቹ ነጭና ጥቁር ሆነው ለሁሉም ይታያሉ።

«ኪዳኔስ?» አለች አዴ ጫልቱ።

«ሸነን ነው። አይ፣ አሁን መንገድ ላይ ነው።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ እኔ ከድልድዩ ጀምሬ ለማን ነው ያለቀስኩት?»

ለሊሳ ሳክስፎኑን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወደ እሷ መጣና ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «አዴ፣ ከእርስዎ ጋር እንደዛሬው ተጫውቼ አላውቅም። እባክዎ፣ ማሎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡልኝ።»

አዴ ጫልቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «አንተ ነህ እንዴ ያ ሁሉ? እኔ የምታቋርጠኝ ስድ ማነው እያልኩ!» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ። ስትስቅም እንደምታለቅሰው ነው፣ ሰው ይቀበላታል። ዳገቱ ሁሉ ሳቀ፤ አጥር የዘለለችው ሴትም ከአጥሩ ወዲያ ሳቀች። ያልሳቁት ስምንቱ ተሸካሚዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ገና አላወረዱም።

ሸምሱ ግን ራሱን ይዞ ቆሟል። «እትዬ፣ ማስታወቂያውን እኮ አንስቼዋለሁ። ለሰው ሁሉም በሐዘን ምክንያት ቀርቷል ብያለሁ።»

በዚህ ጊዜ ኦቦ ደበላ ብቻቸውን መሆናቸውን አውቀው ቁና ቁና እየተነፈሱ ተመለሱ። የተገለጠውን ፒያኖ አዩ፣ ሕዝቡን አዩ፣ እኔን አዩኝ። የእድሩ ሕግ በአደባባይ ተራቁቷል። ሰውየው ግን ለሃያ ዓመት ሊቀ መንበር የሆኑት በከንቱ አይደለም። ከዘራቸውን አስፋልቱ ላይ መታ አደረጉ።

«ሸኚ መንገድ ላይ አይበተንም!» አሉ። «የተነሳ ነገር ቦታው ይደርሳል። በእድራችን ደንብ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ ያልተገኘም እንደ ቀረ ይቆጠራል!»

«ኦቦ ደበላ፣ እኔ የዚህ እድር አባል አይደለሁም» አለ አንዱ።

«ሬሳ ስትሸከም አባል ነበርክ?»

ሰውየው ትከሻውን መልሶ ቃሬዛው ሥር አስገባ።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አዳራሹ ደረስን። ትርሲት ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ከፒያኖው ኋላ የሚመጣውን ሕዝብ ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ለሊሳ ከዚህ በፊት እንደነገረኝ፣ ባለፈው በተጫወቱበት ከተማ የመጡት ሰዎች አምስት ነበሩ፤ አንዱም ዘበኛው ነው።

«እቴቴ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ለምንድን ነው?»

«ለፒያኖው ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረበትም።

ወዲያው መፍቻዋን ይዛ ክሮቹ ላይ ጎንበስ አለች። ሰዉ ምሳ እንኳ ሳይሄድ ወንበር መያዝ ጀመረ፤ ዓይኑን ከኦቦ ደበላ ከዘራ ላይ አያነሳም። እኔም በጎን በኩል አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኪዳኔ ስልኩን የዘጋሁበት እንዳይመስለው ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ሻይ ሊጠጡ ከሄዱት ሰዎች አንዱ እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ ደጅዎ ላይ ድንኳን ተተክሏል። እኛ ሻይ ቤት ሳለን ወሬውን የሰሙት ልጆች ናቸው የተከሉት። ሰው እየገባ ነው። የባለቤትዎ ዘመዶች ከጊንጪ ደርሰዋል፣ እያለቀሱ ነው። ማን እንደሞተም የሚነግራቸው የለም።»

«ይፈርሳል በላቸው» አሉ ኦቦ ደበላ። «ወይም እኔ ልሂድ።»

«ሰው አልሞተም ብሎ መናገር የቤቱ ባለቤት ሥራ ነው» አልኳቸው። «ደግሞ ወንድሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባል፤ በራሱ ድንኳን ውስጥ ብቻውን አይቀመጥም።»

እርሳቸውም ደንቡን ያውቃሉ። ለቅሶ ብሎ ከሩቅ የመጣ ሰው ቤት ያለ ሰው ይቀበለዋል እንጂ ባዶ ወንበር አይቀበለውም። ኮፍያቸውን ነካ አደረጉልኝ።

ትርሲት ሰምታን መፍቻዋን እንደያዘች መጣች።

«እቴቴ፣ ከፊት ወንበር ይዤልሻለሁ እኮ።»

«ለአዴ ጫልቱ ስጫት። ብዙ አልቅሳለች።»

«አንቺስ?»

«እንግዳ አለብኝ።»

አንድ ነገር ልትል ነበር። ለሊሳ ከመድረኩ ላይ ጠራት፣ አንዱ ክር ገና አልተስተካከለም። ተመልሳ ሄደች፣ አንዷን ጥርስ ነካች፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ዝም አለ።

በጎን በር ወጥቼ ሄድኩ።